ስድስተኛው ጉድለት

ያች መኪና ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ብር አስወጥታኛለች። የእኔ አልነበረችም፤ እንድትሆንም አስቤ አላውቅም። ሊገዛት የነበረው ጎረቤቴ ነው፣ እሱም አልገዛትም። ገንዘቡ የወጣው የተጠራባት ዋጋ ትክክል ይሁን አይሁን ለማጣራት ብቻ ነው። ትክክል ነበር። ይህንንም ባለቤቷ በመጀመሪያው ቀን በነጻ ነግረውኝ ነበር።

እኔ አጣና ነጋዴ ነኝ። ከእንጦጦ የሚወርደውን ባሕር ዛፍ የካ ዳገቱ ሥር ባለችው ግቢዬ ተቀብዬ ለግንበኛ፣ ለአጥር ሠሪ፣ ለድንኳን ተካይ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ከታክሲ ተራ፣ ከደላላና ከእርጥብ እንጨት ተማርኩት። እርጥብ አጣና ክብደቱን ያየ ሰው ጠንካራ ነው ይላል፤ በሁለት ወሩ ይሰነጠቃል። ጠማማውን ከእስሩ መሃል ደብቆ ማሰር እንደሚቻልም አውቃለሁ። ከማን እንደተማርኩት ባልጠየቅ ደስ ይለኛል። ስለማውቅ ግን የሌላ ሰው እስር ስገዛ መጀመሪያ የምፈታው መሃሉን ነው። በዚህ ምክንያት ሰፈርተኛው በግም ይሁን ፍሪጅ ወይም ያገለገለ የቤት በር ሊገዛ ሲል "እስቲ እሱ ይየው" ይባላል። እኔም አያለሁ። ክፍያዬ አብዛኛውን ጊዜ ምርቃት ነው።

ጎረቤቴ ባለ ሚኒባስ ነው። ቀበና ወንዙ ዳር አንድ አጥር እንጋራለን። በወጣትነታችን እሱ የሰው ሚኒባስ ሲነዳ እኔ ረዳቱ ነበርኩ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ እየተጣራሁ ሂሳብ እሰበስብ ነበር። ኋላ እሱ የራሱን ሚኒባስ ገዛ፣ እኔ ወደ እንጨቱ ገባሁ። ሁለታችንም ሃምሳን አልፈን ዛሬም እሱ "ረዳት" ይለኛል፣ እኔም "ሾፌር" እለዋለሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ስላልረሳሁ፣ ገንዘብ ካየሁ ወዲህ በማንም መኪና ከጋቢና ሌላ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። ጋቢና ካልተለቀቀልኝ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን አጣና እየቆጠርኩ ሳለ ሾፌር ስልኩን ዘርግቶ መጣ።

"ረዳት፣ እስቲ ይችን እያት።"

ስልኩ ላይ ጥቁር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር የጀርመን መኪና ቆማለች። ለመሮጥ እንደተሠራች ቆማም ታስታውቃለች።

"ስንት?"

"አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

የቆጠርኩት ጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ሠላሳ ላይ ስደርስ "በምን ገንዘብ?" አልኩት።

ሁሉንም አስቦበታል። ሚኒባሱን በሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፤ ሰኞ ከሰዓት ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። እሑድ ሰባት መቶ ሺህ እቁብ ይወጣለታል። ሚስቱ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ልትሠራበት ያጠራቀመችው አምስት መቶ ሃምሳ ሺህ አለ። መኪናዋን ለሙሽራ ያከራያታል። በአንድ ሠርግ ሃያ አምስት ሺህ። ሱፍ ለብሶ፣ በአበባ አስጊጦ፣ ቀስ ብሎ ይነዳል።

"ጉልበቴ አልቋል" አለ። "ሃያ ሁለት ዓመት ፍሪሲዮን ረግጬ። ጠዋት ደረጃ ስወርድ ድምፁን ሚስቴ ትሰማዋለች። ሙሽራ ደግሞ መልስ አጎደልክ ብሎ አይጣላም።"

ቀልድ አልነበረም። ሚኒባሷ የቤቱ እንጀራ ናት። ተሸጣ ያችኛዋ ሳትሠራ ብትቀር ሦስት ልጆችና አንድ የተበላሸ ጉልበት ይዞ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ "እሺ፣ አየዋለሁ" ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት ሳልጠብቅ አልኩት።

ሻጩ መሪ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። መኪናዋን ልጃቸው ሥራው ወደ ሌላ አገር ሲወስደው በስማቸው አዙሮ ትቶላቸዋል። ሸራ ለብሳ ሕንጻው ሥር ቆማለች። እሳቸው ሸራውን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ቀስ አድርገው ገፈፉት።

እኔ ዕቃ ስገዛ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ለምን ይሸጣል ነው።

"ለምን ይሸጧታል አባቴ?"

"ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ አያታለሁ። እንቅልፍ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዋጋዋን ጨርሳለች።"

"ዋጋውንስ ማን ተመነው?"

"ሦስት ደላላ ጠየቅሁ። ብዙ ያለውንና ትንሽ ያለውን ጣልኩ። ከመሃለኛው ላይ ጉድለቶቿን ቀነስኩ።"

"ጉድለት አላት?"

"ስድስት" አሉና ከኮታቸው ኪስ ደብተር አወጡ።

በሕይወቴ ብዙ ሻጭ አይቻለሁ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ነው፤ እሱ ይደብቃል፣ እኔ እፈልጋለሁ፣ መሃል ላይ ዋጋ ይገኛል። ጉድለቱን ከደብተር የሚያነብ ሻጭ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። አንደኛ፣ የግራው በር ከዚህ ምሰሶ ጋር ተሳስሞ ተቀብቷል። ሁለተኛ፣ የኋላ ጎማዎቹ ከአንድ ክረምት በላይ አይሄዱም። ሦስተኛ፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ግን እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ዘግይቶ ይገባል። አራተኛ፣ ዝናብ ሲዘንብ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፣ ሲያባራ ትጠፋለች። አምስተኛ፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ስድስተኛ፣ የኋላ ወንበሯ ወንበር አይደለም፤ እሳቸው ጃንጥላ ነው የሚያስቀምጡበት።

"ለአምስቱ ቀንሻለሁ" አሉ። "ለስድስተኛው አልቀነስኩም፤ ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች።"

ሾፌር ሳቀ። እኔም ለአክብሮት ያህል ሳቅሁ። በውስጤ ግን ሌላ ሒሳብ ነበር የምሠራው። ሻጭ አንድ ጉድለት ከነገረህ ሁለት እየደበቀ ነው። ስድስት ከነገረህ አሥራ ሁለት ይመጣል ማለት ነው። እነዚያን አሥራ ሁለቱን ላገኛቸው ማልኩ።

በማግስቱ በሦስት መቶ ብር ማግኔት ገዛሁ። ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና ቀለሙ ሥር ስቱኮ ይሞላል፤ ስቱኮ ላይ ማግኔት አይዝም። ሽማግሌው ቁልፉን አምነው ሰጥተውኝ፣ እሱ ራሱ አስደንግጦኝ፣ መኪናዋን የካ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ማግኔቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ጀመርኩ። ያዘች። ጣሪያው ላይ ያዘች። የግራው በር ላይም፣ ተቀባ ያሉት ላይ፣ ያዘች። ኮፈኑ ላይ ሳደርጋት ግን ተንሸራታ መሬት ወደቀች። እንደገና ሞከርኩ። ወደቀች።

"ሾፌር" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አገኘሁት። ከፊት ተመትታለች።"

ሾፌር ፊቱ ጠቆረ። መካኒኩ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፣ እጁን በቡትቶ እየጠረገ መጣና ማግኔቷን አነሳልኝ።

"ጋሼ፣ ኮፈኑ አሉሚኒየም ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ድስት ነው ማለት ነው። ድስት ላይ ማግኔት አይዝም።"

ለመካኒኩ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ከፈልኩ። ኮምፒዩተር ሰክቶ ሆዷን ለሚያነብላት ሌላ ሁለት ሺህ። ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰዓት አንብቦ አንድ ነገር ብቻ አገኘ፤ ዝናብ ሲዘንብ የምትበራው የቢጫ መብራት ሽቦ ላልታለች። አራተኛው ጉድለት። ማቀዝቀዣውን ከፈትን፣ ዘግይቶ ገባ። ጎማውን ለካን፣ ለአንድ ክረምት። እኔ ባጣራሁ ቁጥር የሽማግሌው ደብተር ትክክል እየሆነ ይመጣል። እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም።

አንድ ፈተና ቀረ። በእኛ ሰፈር መኪና የሚገዛ ሰው እንጦጦ ሳይወጣ ቀብድ አይከፍልም። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ዳገቱ ላይ አየሩ ሲሳሳ ደካማ ሞተር ያቃስታል፣ የታመመ ራዲያተር ያፈላል፤ ደላላም ዝም ይላል። መካኒኩ መሪውን ያዘ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ። የመካኒኩ የመፍቻ ሳጥንና የኮምፒዩተሩ ቦርሳ ኋላ ተደረጉና ኋላው ሞላ። ሾፌር በሚኒባሱ ተከተለን።

እሷ ዳገቱን አልወጣችም ማለት ይቻላል፤ ዳገቱ ነው ወደ እኛ የወረደው። ባሕር ዛፎቹ በመስኮቱ እንደ አጥር ተያይዘው አለፉ። ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የነገደው እንጨት አቅራቢዬ አህዮቹን ይዞ ሲወርድ አየሁት፤ እጄን ሳነሳ አልፈነዋል። ጫፍ ላይ ቆመን ሾፌርን ሩብ ሰዓት ጠበቅነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ሞተሩ አጠገብ አደረገ።

"ምን አገኘህ?" አልኩት።

"ምንም።"

"በደንብ እይ።"

"ጋሼ፣ ልጋብዝዎት? የሚፈልጉት በሽታ እኔ ጋራዥ ያሉት ሌሎች መኪኖች ላይ ሞልቷል።"

ጋባዡ ግን እኔ ሆንኩ። ምሳ አምስት መቶ ብር።

የዚያን ቀን ማታ አጥራችን ላይ ተደግፈን ሒሳብ ሠራን። ሾፌር የዓመቱን ቅዳሜና እሑድ በሙሉ በሠርግ ሞልቶ ከመቶ አሳልፎታል። እኔ የግድግዳ መቁጠሪያ ይዤ መጣሁና መቀነስ ጀመርኩ። ዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ወጣ። ነነዌ ወጣ። ፍልሰታ ወጣ። የገና ጾም ወጣ። ክረምት ማንም ቬሎ ጭቃ ላይ አይጎትትም፤ ወጣ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ሠርግ ጨመርኩ፣ ረመዳንን ቀነስኩ። ከዚያ ሌሎች ባለ መኪናዎች የሚወስዱትን አነሳሁ። ሃያ ስምንት ሠርግ ቀረ። በሃያ አምስት ሺህ፣ ሰባት መቶ ሺህ ብር።

"ሚኒባሷስ?" አለ።

"በቀን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ታስቀርልሃለች። በሦስት መቶ ቀን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ። ሚኒባስ አትጾምም።"

ሾፌር ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ሃምሳ ሺህ ነው ልዩነቱ።"

"ለሁለት ጉልበት ሃምሳ ሺህ አይበዛም" አልኩ። ዛሬም ቢሆን ሒሳቡ ልክ ነበር እላለሁ። ሒሳብ የሚሳሳተው ያልተጻፈው ላይ ነው።

ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ከወዲያ ማዶ ትሰማን ነበር። "ጋሼ" አለችኝ፣ "አምስት መቶ ሃምሳ ሺሁ የእኔ ነው አይደል?"

"ያንቺ ነው።"

"እንግዲያው ዕቃውን ሳላይ አይወጣም።"

"እኔ አይቼዋለሁ እኮ።"

"አንተ አየኸው። እኔም ልየው።"

ዓርብ ቀን መሪ ሄጄ ተከራከርኩ። ለሽማግሌው "የነዳጅ መኪና ዘመኑ አልፏል፣ ሰው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው" አልኳቸው። እሳቸው "ባለፈው የመጣው ደላላ የነዳጅ መኪና ከእንግዲህ ስለማይገባ ይወደዳል አለኝ" አሉ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። አንዱ ደላላ ጠዋት ለሻጭ ያንን፣ ከሰዓት ለገዢ ይህንን ሲል ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ ቆሙና አልተነቃነቁም። ሾፌር ያለው ገንዘብ ሲደመር እሷው ነች፤ ሳንቲም አይተርፍም፣ ሳንቲም አይጎድልም።

ቀብድ ሃያ ሺህ ጠየቁ። የሾፌር ገንዘብ ገና በእቁቡ፣ በሚስቱና በሰኞው ገዢ እጅ ነው። እኔ ከኪሴ አወጣሁ። ለምን ብባል፣ መኪናዋን ዳገቱ ላይ ወድጃታለሁ። አጣና ወድጄ ገዝቼ አላውቅም፤ የወደዱት ዕቃ ላይ ዓይን ይጨፈናል። ሽማግሌው በሚያምር የመዝገብ ቤት ጽሕፈት ውሉን በሁለት ቅጂ ጻፉ። ገዢ እስከ ሰኞ ማታ ካልተመለሰ ቀብዱ ይቀራል፣ ሻጭ ሐሳቡን ከቀየረ እጥፍ ይከፍላል። መኪናዋንም እሑድ ለሚስትየው እንድናሳይ ፈቀዱልን።

እሑድ ከሰዓት እኔ መኪናዋን ነዳሁ። በዚያ ሁሉ ቀን ነዳጁ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ደርሷል፤ አምስተኛው ጉድለት በየቀኑ ራሱን ያስታውቅ ነበር። ሾፌር ሚስቱን በሚኒባሱ ጋቢና አስቀምጦ እንጦጦ ላይ፣ ከተማው ወደሚታይበት ሜዳ አመጣት። የመረጥኩት ቦታ ነው። ጥቁር መኪና ባሕር ዛፍ ሥር ሲቆም ዋጋው ይጨምራል።

እዚያ ሠርግ ደርሶ አገኘን። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ ወጥተዋል። የእነሱ መኪና ነጭ፣ ሰፊ፣ አራት በር ናት። የአጃቢዎቹ ሚኒባስ ግን ዳገቱ ላይ ውኃ አፍልቶ ቀርቷል፤ አጃቢዎቹ በእግራቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየደረሱ ነበር። ፎቶ አንሺው የእኛን ጥቁር ሲያይ ሙሽሮቹን ትቶ ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ለሁለት ፎቶ ብቻ ቢፈቅዱልን።"

እኔ አፌን ሳልከፍት ሾፌር ደረሰ። ኮሌታውን አስተካክሏል። "ለምን ለሁለት? ይግቡና ሜዳውን አንድ ጊዜ ላዙራቸው። በነጻ።" ለሚስቱ ጠቀሳት። ሥራውን ልታየው ነው።

ሙሽሪት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ መጣች። ቬሎው ከሥሩ ክብ ነገር ገብቶበት እንደ ድንኳን የተነፋ ነው። ሾፌር የጋቢናውን በር ከፈተና ቆመ። የኋላ በር ፈለገ። የኋላ በር የለም። ወንበሩን ወደፊት አጠፈው። የተከፈተችው ቦታ የድመት መግቢያ ታክላለች።

"በዚህ በኩል ነው የሚገባው" አለ፣ ለራሱም አዲስ ነገር እንደሚነግር።

ሙሽሪት በጭንቅላቷ ሞከረች፤ አክሊሏን ጣሪያው ያዘው። ወጥታ በጀርባዋ ሞከረች። ሁለት ሚዜዎች ቬሎውን ከውጭ ገፉ፣ አንድ ደግሞ በሌላኛው በር ገብቶ ሳበ። "ቀስ፣ ቀስ፣ ዳንቴሉ" ትላለች ከውስጥ። "ክቡ ነገር ይታጠፋል?" ይላል ሚዜ። "እኔ ነኝ የምታጠፈው?" ትላለች። በመጨረሻ ገባች። ወንበሩን ስንመልሰው ሙሽራው አጠገቧ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም፤ ቬሎው ሁሉንም ሞልቶ መስኮቱ ላይ ደርሷል። ሙሽራው ጋቢና ገባ። ወደ ኋላ ዞሮ ሲፈልጋት ዓይኗ ብቻ ታየው።

"አለሽ?" አላት።

"የት እሄዳለሁ?"

የሙሽሪት አክስት፣ ወፈር ያሉ፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ የለበሱ ሴት፣ በመስኮቱ አጎንብሰው አዩና ወደ ሾፌር ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ የሰውን ልጅ እንደ ጤፍ ጆንያ ጠቅጥቀህ ልትወስድ ነው?"

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "ለመቀመጥ አትሆንም" አለ በባለሙያ ድምፅ። "ለመደገፍ ግን በጣም ጥሩ ናት።"

ሾፌርና እኔ ተያየን። ሞተሯን አይተናል፣ ላሜራዋን በማግኔት ነክተናል፣ ሽቦዋን በኮምፒዩተር አንብበናል፣ ዳገት አውጥተናታል፣ ጾሙን ሁሉ ቆጥረናል። እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ከሾፌር ወንበር አልተነሳም፤ እኔ ጋቢና ካልሆነ አልቀመጥም። ሙሽራ ሊጭን መኪና የሚገዛ ሰው ሙሽራ የምትቀመጥበትን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽሪት ናት፣ ከቬሎው ውስጥ። ከዚያ የሾፌር ሚስት ሳቀች፤ እየሳቀች ሄዳ ቬሎውን እየጠቀለለች፣ አክሊሉን እያላቀቀች አወጣቻት። እኛ ወንዶቹ ስድስት ሆነን ያስገባናትን እሷ ብቻዋን በሁለት ደቂቃ አወጣቻት። ከዚያ እጇን አራግፋ ባሏን አየችው።

"ስንት ሠርግ ነበር ያላችሁት?"

"ሃያ ስምንት" አለ ሾፌር።

"አንዱ ይኸው ሆነ። ሃያ ሰባቱን ተዋቸው።"

ሾፌር መኪናዋ ላይ ሊደገፍ እጁን ዘርግቶ ተወው። እንደ ፎቶ አንሺው አባባል ለመደገፍ ብቻ ስንት እንደሚከፈል እያሰበ ይመስለኛል። ያን ጊዜ አክስትየው ወደ ሜዳው ዳር፣ ጎማዋ አቧራ ወደ ለበሰችው ሚኒባስ በጣታቸው አሳዩ።

"ያች ሚኒባስ የማን ናት?"

"የእኔ" አለ። ድምፁ እንደ ባለንብረት ሆነ።

"አጃቢዎቼን ታያቸዋለህ፣ በባዶ እግራቸው ናቸው። ስንት ሰው ትጭናለህ?"

"አሥራ ሁለት። በሥነ ሥርዓት።"

"እስከ ማታ ስንት?"

"ስምንት ሺህ።"

"የጨዋ ዋጋ ንገረኝ።"

"ስድስት።"

ጫማቸውን የያዙት አጃቢዎች እየዘፈኑ ገቡ። የሾፌር ሚስት ረዳት ሆና በሩን ዘጋች። ሙሽሮቹም ጥቁሯ መኪና ላይ ተደግፈው ሁለት ፎቶ ተነሡ። ፎቶው እንደሚያምር እገምታለሁ።

እኔ ብቻዬን መሪ ወረድኩ። በመንገድ ላይ ቀብዴን ለማስመለስ ሦስት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንደኛው በተለይ ጥሩ ነበር። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ግን ሦስቱም ከአፌ ጠፉ።

"አንገዛትም" አልኳቸው። "የኋላ ወንበሩ ሙሽራ አይዝም።"

"ነግሬያችሁ ነበር እኮ። ስድስተኛ ብዬ።"

"ነግረውናል።"

"ታዲያ?"

"አላመንኩዎትም።"

"አምስቱን አምነህ?"

"አምስቱንም አላመንኩም። አምስቱን አጣራሁ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ከልባቸው ሊገባቸው የፈለጉ ይመስላሉ። "ስድስተኛውን ለምን አላጣራኸውም?"

"ከኋላ መቀመጥ ነበረብኝ።"

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና በአክብሮት ሳቁ። ሻይ አስቀረቡልኝ። ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ የውሉን ቅጂ አወጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፣ ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው።

"ቀብዱ ይቀራል" አሉ። "ሦስት ገዢ በእናንተ ምክንያት መልሻለሁ።"

"ልክ ነው።" እኔም እሳቸውን ብሆን አልመልስም።

"ግን ቆይ" አሉና ደረጃውን ሦስት ፎቅ ወረዱ፣ መኪናዋን አስነስተው ዳሽቦርዷን አዩ፣ ሦስት ፎቅ ወጡ። ደብተራቸው ላይ ጻፉ። "ስትወስዷት ነዳጇ ሩብ ነበር። ከግማሽ በላይ አድርጋችሁ መልሳችኋል።" አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ቆጥረው ሰጡኝ። እንቢ ልል አሰብኩ። ከዚያ ነጋዴ መሆኔ ትዝ አለኝና ተቀበልኩ።

ሰኞ የሚኒባሷ ገዢ ገንዘቡን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ሾፌር ሻይ ጋብዞ ሸኘው። በእቁቡ ገንዘብ ላይ ተማምኖ ለከሰዓት በኋላ የሚነዳለት ሌላ ሰው ቀጠረ። አሁን ጠዋት ብቻ ይነዳል፣ ጉልበቱም በጠዋቱ ብቻ ይጮኻል። ጥር እስኪያልቅ ሌላ ሦስት ሠርግ አጃቢ ጫነ። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው ደወሉልኝ። መኪናዋን ላላገባ ጎልማሳ በአራት ሚሊዮን ሃምሳ ሺህ ሸጠዋታል፤ ስድስቱንም ነግረውታል፣ ስድስተኛውን ሲሰማ "እኔ ሰው አልጭንም" አላቸው። ዋጋው ትክክል ነበር። ትክክል ያልሆንነው ገዢዎቹ ነበርን። እንቅልፍ እንዴት ነው ብላቸው፣ ውሻው አሁንም ይጮኻል፣ እኔ ግን አልወርድም አሉኝ።

የሾፌር ሚስት ሁለቱን ክፍሎች ማሠራት ጀመረች። አጣናውን ከእኔ ገዛች። ስትገዛ የእያንዳንዱን እስር መሃል ፈትታ አየች፤ አራት ጠማማ አውጥታ አስለወጠችኝ። ስትሄድ፣ ከእንጦጦው ሠርግ ስድስት ሺህ ላይ አንድ ሺህ ለነዳጅ ቀንሳ፣ አምስት ሺህ ብር እጄ ላይ አስቀመጠች። "ይኸውልህ ጋሼ፣ የጋቢና መልስ" አለችኝ።

ማግኔቷ ግቢዬ በር ላይ ደረሰኝ ይዛ ተለጥፋለች። ሒሳቡ እንደሚከተለው ተዘግቷል። ወጪ፦ ቀብድ ሃያ ሺህ፣ መካኒክ ሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ ኮምፒዩተር ሁለት ሺህ፣ ነዳጅ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ ምሳ አምስት መቶ፣ ማግኔት ሦስት መቶ፤ ድምር ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ። ተመላሽ፦ ከሽማግሌው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ፣ ከጎረቤቴ ሚስት አምስት ሺህ፤ ድምር ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። ቀሪ ኪሳራ ሃያ ሦስት ሺህ ሃምሳ ብር።